ለወላጅ አልባ ሕፃናት እንግዳ ወይስ ዘመድ?

ውድ እናቶች፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ዕረፍት ሲጀመር ወይም ገናና ፋሲካ ሲቃረቡ፣ ይህን የመሰለ ጨዋታ ከቤታችሁ ሳትሰሙ አትቀሩም። ልጃችሁ ከሰንበት ትምህርት ቤት ወይም ከቤተ ክርስቲያኑ የወጣቶች ኅብረት ትመለስና፣ «እማዬ፣ የማኅበራችን ልጆች ለአገልግሎት ወደ ክፍለ ሀገር ልንሄድ ነው። እዚያ ባለው የሕፃናት ማሳደጊያ ሦስት ቀን እንቆያለን። ለመሳፈሪያ የሚሆን ገንዘብ፣ ያጠረኝንም ልብስ ስጪኝ» ትላችኋለች። ፊቷ በደስታ ያበራል።

እናንተም ደስ ይላችኋል። ወጣት በዚህ ዕድሜው ከራሱ ጫማና ፀጉር አልፎ ለሌላ ሰው ልጅ ሲያስብ ማየት የማያስደስተው ወላጅ የለም። ገንዘቡን ከወሩ አስቤዛ ቀንሳችሁ ትሰጣላችሁ። ልብሱንም አጥባችሁ፣ ተኩሳችሁ፣ የተነቀለውን ቁልፍ ተክላችሁ በፌስታል ታስሩላታላችሁ።

የዛሬው ጽሑፋችን ልጃችሁን ከዚህ በጎ ሥራ ለማስቀረት አይደለም። ነገር ግን ሻንጣዋን ከማንሣቷ በፊት አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ አንድ ነገር እንድታወያዩዋት እንፈልጋለን። ይኸውም፣ ልትወድዳቸው የምትሄደው ሕፃናት አንድ ጊዜ በመለየት የተጎዱ ናቸው፤ ወድዷቸው ወዲያው ጥሏቸው የሚሄድ ሰው ያንኑ ቁስል መልሶ ይነካዋል የሚለውን ነው።

አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ

እስቲ ጉዞውን በዓይነ ኅሊናችሁ ተከተሉት። ወጣቶቹ ከአውቶቡስ ሲወርዱ ሕፃናቱ ከየክፍላቸው ሮጠው ይወጣሉ። አንዷ የሦስት ዓመት ልጅ ከሁሉም ቀድማ የልጃችሁን እግር ታቅፋለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከእቅፏ አትወርድም። መዝሙር ይዘመራል፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ በጨዋታ መልክ ይቀርባል፣ ብስኩትና ከረሜላ ይታደላል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። በሦስተኛው ቀን ጸሎት ይደረጋል፤ ይለቀሳል። ከዚያም አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፍቶ ይሄዳል።

ልጃችሁ ቤት ስትገባ፣ «ላስተምራቸው ሄጄ እኔው ተምሬ መጣሁ» ትላችኋለች። እውነቷን ነው። ነገር ግን ያችስ የሦስት ዓመት ልጅ ምን ሆነች?

በዚያ ምሽት በማሳደጊያው የቀረችው ሞግዚት ናት። ብዙ ልጆች ይጠብቋታል። አንዱ ከረሜላ በዝቶበት ሆዱን ታሟል፤ ሌላው አሻንጉሊቱን ተቀምቶ ያለቅሳል፤ ያች ትንሽ ልጅ ደግሞ በሩን እያየች አልተኛም ትላለች። በወሩ ሌላ ማኅበር ይመጣል፤ እርሱም ሦስት ቀን ቆይቶ ይሄዳል። በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ጊዜ ልጅቱ ማልቀሷን ትተዋለች። የመጣውን ሁሉ ሮጣ ታቅፋለች፤ ሲሄድም ዞር ብላ አታየውም። እንግዶቹም፣ «እንዴት ያለች ሰው ወዳድ ልጅ ናት!» ብለው ያደንቃሉ።

እናቶች ሆይ፤ በዚህ ቦታ የራሳችሁን ልጅ አስታውሱ። ዓመት ሊሞላው ሲል «ልጄ ሰው ለየ» ብላችሁ ተደስታችሁ ነበር። እንግዳ ሲገባ ከነጠላችሁ ሥር ተደብቆ አስቀድሞ የእናንተን ፊት ያይ ነበር። እናንተ ፈገግ ስትሉ እርሱም ቀስ ብሎ ብቅ ይላል። ይህ ልጁ የእኔ የሚለው ሰው እንዳለው የሚያሳይ ጤናማ ምልክት ነው። እንግዳንና ዘመድን ሳይለይ ያየውን ሁሉ የሚያቅፍ ሕፃን ግን ፍቅር የተረፈው ሳይሆን፣ የእኔ የሚለው ሰው ያጣ ሊሆን ይችላል። ሞቅ ያለ አቀባበሉ የሚያስደስተን ምክንያቱን ስለማናውቅ ነው።

ጥናቶች ያረጋገጡት

ይህ የእናቶች ግምት ብቻ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአውሮፓ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናት በብዛት በማሳደጊያ ይኖሩ ስለ ነበር፣ የዓለም የጤና ድርጅት ጆን ቦልቢ የተባለውን እንግሊዛዊ ሐኪም ጉዳዩን እንዲያጠና አደረገ። ሐኪሙ እ.ኤ.አ. በ1951 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሕፃን ምግብና ንጽሕና ቢሟላለት እንኳ ከአንድ እናት ወይም እንደ እናት ከምትሆንለት ሰው ጋር የጸና ግንኙነት ከሌለው አእምሮው እንደሚጎዳ አስረዳ።

ይህ ይበልጥ ግልጽ ሆኖ የታየው በሩማንያ ነው። በዚያች አገር እ.ኤ.አ. በ1989 መንግሥት ሲለወጥ፣ በትልልቅ ማሳደጊያዎች ውስጥ ከመቶ ሺህ በላይ ሕፃናት ተገኙ። ብዙዎቹ በአልጋ ላይ ሆነው ጣራ ሲያዩ የሚውሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረ አንድ ጥናት በቡካሬስት ከተማ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 31 ወር የሆኑ 136 ሕፃናትን ወስዶ በዕጣ በሁለት ከፈላቸው። ግማሾቹ በዚያው የማሳደጊያ እንክብካቤ ቀጠሉ፤ ግማሾቹ ወደ አሳዳጊ ቤተሰቦች ገቡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲታዩ በቤተሰብ ያደጉት በአእምሮ ችሎታቸውም ሆነ ሰውን በማመን ከማሳደጊያ ልጆች በልጠው ተገኙ። በተለይም 2 ዓመት ሳይሞላቸው ቤተሰብ ያገኙት የተሻለ ውጤት አሳይተዋል።

እንግዲህ ሕፃንን የሚያሳድገው የእቅፍ ብዛት ሳይሆን የአንድ እቅፍ መጽናት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ሃምሳ ሰው በየተራ ቢያቅፈው፣ ማታ ስሙን ጠርታ የምታስተኛውን አንዲት ሰው አያክልም።

እናት እያላቸው

ሌላም ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ። በማሳደጊያ የሚኖር ልጅ ሁሉ ወላጆቹ የሞቱበት ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በብዙ አገሮች በማሳደጊያ ከሚኖሩት ሕፃናት አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው። ወደዚያ የሚያስገባቸው በአመዛኙ ድህነት ነው። የቤት ኪራይ ያቃታት፣ ሕመም የጣላት፣ ወይም ልጇን የምትተውለት አጥታ ሥራ መግባት ያልቻለች እናት፣ «እዚያ ቢያንስ በልቶ ያድራል፤ ይማራል» ብላ እያለቀሰች ልጇን ታስረክባለች።

በካምቦዲያ የሆነው ለዚህ ማስተማሪያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት በዚያች አገር የማሳደጊያዎች ቁጥር በ75 በመቶ አደገ። በእነዚያ ዓመታት አገሪቱን የመታ ጦርነት ወይም ታላቅ ረሃብ አልነበረም። የበዛው ወላጅ አልባ ሕፃን ሳይሆን፣ ሕፃናትን ለመጎብኘትና ለማገልገል ከውጭ አገር የሚመጣው እንግዳና ይዞት የሚመጣው ገንዘብ ነው። በማሳደጊያዎቹ ከሚኖሩት ልጆች ከአራቱ ሦስቱ ያህሉ ወላጅ ያላቸው ሆነው ተገኙ። ከጎብኚዎቹ ውስጥ ከልብ የመጡ ክርስቲያን ወጣቶች ብዙ ነበሩ። በጎ ፈቃዳቸው ግን ሳያውቁት ልጆች ከእናቶቻቸው የሚለዩበትን በር አሰፋ።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 ባጸደቀው መመሪያ፣ ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤተሰቡ ለመለየት ምክንያት ሊሆን እንደማይገባው፣ ከ3 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትም በቤተሰብ ውስጥ ማደግ እንዳለባቸው አሳስቧል። በ2019 ደግሞ በማሳደጊያዎች የሚደረግ የጎብኚዎችና የበጎ ፈቃደኞች ምልልስ ሕፃናትን ሊጎዳ እንደሚችል በውሳኔው አንሥቷል።

በአገራችንም ሕፃናት ወደ ውጭ አገር በጉዲፈቻ እንዳይሰጡ በጥር 2010 ዓ.ም. በሕግ ተከልክሏል። እነዚህ ልጆች የሚያድጉት እዚሁ በመካከላችን ነው። ነገ የልጆቻችን የሥራ ባልደረቦች፣ ጎረቤቶች፣ ምናልባትም አማቾች ይሆናሉ። ስለዚህ ጉዳዩ የእኛው የራሳችን ነው።

ይህን ስንል ማሳደጊያ ሁሉ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። በእርግጥ ማንም የሌላቸው ሕፃናት አሉ። ቀን ከሌሊት የሚደክሙላቸው ሞግዚቶችም አሉ። ምስጋና ይገባቸዋል።

ከግሸን የተመለሱት እናት

በጎ ጉዞ ምን ፍሬ ሊያፈራ እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻንም። ወይዘሮ አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ለንግሥ ወደ ግሸን ማርያም የተጓዙ አንዲት ምእመን ነበሩ። በዚያን ጊዜ ወሎ በድርቅና በረሃብ ተጎድቶ ነበር። በመንገዳቸው ላይ በረሃብ የሞተች እናት፣ ጡቷን ገና የሚጠባ ሕፃንም አዩ። እያዘኑ ማለፍ አልሆነላቸውም። ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። በዓመቱ ውስጥ የልጆቹ ቁጥር 21 ደረሰ። ባለቤታቸው በነገሩ አልተስማሙም። ወይዘሮ አበበች ግን ሞቅ ካለው ቤታቸው ወጥተው ከልጆቹ ጋር መኖር መረጡ። ምግብ እያዘጋጁ እየሸጡ አሳደጓቸው። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ እስካረፉ ድረስ አርባ ዓመት ያህል ከዚህ ሥራ አልተለዩም። እርሳቸው ራሳቸው በጣሊያን ወረራ አባታቸውን አጥተው በአያቶቻቸው እጅ ያደጉ ነበሩ።

ልብ በሉ፤ ወደ ግሸን የሄደው ምእመን ብዙ ነበር። ብዙዎችም አዝነው፣ ያላቸውን ሰጥተው ይሆናል። የወይዘሮ አበበችን ጉዞ ልዩ ያደረገው ግን ከተመለሱ በኋላ የሆነው ነው። ልጆቹን በመንገድ ጎብኝተው አልተዉአቸውም፤ ዘመድ ሆኑላቸው።

እርግጥ ነው፣ ከሁላችን እንዲህ ያለ ነገር አይጠበቅም። ልጃችሁም ተማሪ ናት፤ ቤቷ አስገብታ ልታሳድግ አትችልም። ነገር ግን እንግዳ ከመሆን ወደ ዘመድ መሆን የሚወስደውን መንገድ በአቅሟ መጀመር ትችላለች።

ለልጃችሁ ምን ትሏታላችሁ?

አንደኛ፤ ከመሄዳቸው በፊት የማሳደጊያውን ኃላፊና ሞግዚቶቹን «ምን ጎደላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ብዙ ጊዜ መዝሙርና ብስኩት አይሆንም። የሳሙና፣ የዳይፐር፣ የሽሮና የበርበሬ፣ የውሃ ማጠራቀሚያ ወይም የሞግዚት ደመወዝ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ኬክ በአንድ ሰዓት ያልቃል፤ የአንዲት ሞግዚት የወር ደመወዝ ግን ለልጆቹ አንድ የታወቀ ፊት ያቆይላቸዋል።

ሁለተኛ፤ ሥራቸው ሞግዚቷን የሚያሳርፍ ይሁን። ብርድ ልብስ ይጠቡ፣ ፍራሽ ያናፍሱ፣ ምስር ይልቀሙ፣ የተሰበረ በር ይጠግኑ፣ ግድግዳ ቀለም ይቀቡ። እነርሱ ሳፋው ላይ ሲያጎነብሱ ሞግዚቷ ልጆቹን አቅፋ ለመጫወት ጊዜ ታገኛለች። ሕፃኑ መታቀፍ ያለበት ነገም በምትገኘው ሰው ነውና ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። ወጣቶች «ልጆቹን ሳናቅፍማ ምኑን አገለገልን?» ይሉ ይሆናል። በእርጋታ አስረዷቸው።

ሦስተኛ፤ ከልጆቹ ጋር መሆን የሚፈልጉ ጥቂቶች ከሆኑ፣ እነዚያው ጥቂቶች ሳይለዋወጡ ይመላለሱ። ለዚህም ሩቅ ክፍለ ሀገር ከመሄድ በከተማቸው ያለ ቤት ይሻላል። ትልልቆቹን ልጆች በየሳምንቱ ቅዳሜ ሒሳብና እንግሊዝኛ ማስጠናት፣ ለዚያም ቢያንስ የአንድ የትምህርት ዓመት ቃል መግባት፣ ከሦስት ቀን ጉዞ የበለጠ ያንጻል። ፈተና ደረሰብኝ ብለው የሚቀሩበት ቀን ካለም አስቀድመው ይንገሯቸው። ሳይናገሩ መቅረት ለእነዚህ ልጆች ተራ ነገር አይደለም።

አራተኛ፤ የማይፈጽሙትን ቃል አይስጡ። «እመለሳለሁ»፣ «እወስድሻለሁ»፣ «እኅትሽ ነኝ» ማለት ለሚናገረው ቀላል ነው፤ የሰማችው ልጅ ግን ቀን ትቆጥርበታለች። «እናትሽ የት አለች? አባትህ በምን ሞተ?» እያሉም አይጠይቁ። ልጁ ታሪኩን ለመጣ እንግዳ ሁሉ መናገር የለበትም።

አምስተኛ፤ የሕፃናቱን ፊት ፎቶግራፍ አንሥተው በየስልኩ አይበትኑ። የእናንተ ልጅ የተቀደደ ልብስ ለብሶ የተነሣው ፎቶግራፍ በማያውቀው ሰው እጅ ቢገባ ትወድዳላችሁን? እነርሱም ነገ አድገው ሥራ የሚይዙ፣ ትዳር የሚመሠርቱ ሰዎች ናቸው።

ስድስተኛ፤ የቤቱን ደንብ ያክብሩ። ማንም እንግዳ ከሕፃን ጋር ለብቻው መቅረት የለበትም። ማን እንደ ሆኑና ከየት እንደ መጡ ሳይጠይቅ የሚያስገባ ማሳደጊያ ካጋጠማቸው፣ እነርሱ ጨዋ ቢሆኑ እንኳ ሌላው ጨዋ ላይሆን ይችላልና ሊያሳስባቸው ይገባል።

እናቲቱን አትርሷት

በመጨረሻም ለማኅበሩ ወጣቶች አንድ ጥያቄ አቅርቡላቸው። የያዕቆብ መልእክት ስለ እውነተኛ አምልኮ ሲናገር ወላጅ የሌላቸውን ሕፃናት ለብቻቸው አያነሣም፤ ባሎቻቸው የሞቱባቸውን ሴቶች አብሮ ያነሣል። እናትና ልጅ በአንድነት ተጠቅሰዋል። እኛ ግን ልጁን ለመጠየቅ መቶ ኪሎ ሜትር ስንጓዝ፣ በሰፈራችን ልጇን ላለመስጠት የምትታገለውን እናት ሳናያት እናልፋለን።

ወጣቶቹ የጉዞውን ገንዘብ እኩሌታ ለእርሷ ቢያውሉት ምን ያህል በጠቀመ! የሁለት ወር የቤት ኪራይ፣ የደብተርና የዩኒፎርም መግዣ፣ ወይም እንጀራ ጋግራ እንድትሸጥ የምጣድ መግዣ፣ አንድን ልጅ ከእናቱ ጉያ ሳይወጣ እንዲያድግ ሊያደርገው ይችላል። እርሷ ሥራ ስትሄድ ሕፃኑን የሚጠብቅላት ጎረቤት ብታገኝም እንዲሁ።

ይህ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። አባቶቻችንና እናቶቻችን የክርስትና ልጅ ሲያነሡ ዝምድናው እስከ ዕድሜ ልክ ነው። በጉዲፈቻ የገባ ልጅም እንደ አብራክ ክፋይ ይቆጠራል። ኤች አይ ቪ ኤድስ ብዙ ወላጆችን በነጠቀበት ዘመን በአዲስ አበባ አንዳንድ ዕድሮች ቀብር ከማስፈጸም አልፈው የሟች ልጆችን መርዳት ጀምረው ነበር። ዕድራችሁ ይህን ያደርግ እንደ ሆነ በሚቀጥለው ስብሰባ ጠይቁ።

እናንተም ሠራተኞች፤ በበዓል ቀን ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቻችሁ ጋር ሆናችሁ፣ ወይም የልጃችሁን ልደት ለማክበር ዳቦና ለስላሳ ይዛችሁ ወደ ማሳደጊያ የምትሄዱ ብዙ ናችሁ። በገና ዕለት በሩ በእንግዳ ይጨናነቃል፤ በጥር ወር በአንዱ ማክሰኞ ግን ማንም የለም። ያዋጣችሁትን ገንዘብ በአሥራ ሁለት ወር ከፍላችሁ ብትሰጡት ማክሰኞውም ይሞላል።

እንግዲህ ልጃችሁ ሻንጣዋን ይዛ በር ላይ ቆማለች። አትከልክሏት። ልብሱን ስጧት፤ ሳሙና ጨምሩበት። ግንባሯን ስማችሁ፣ «ልጄ፣ እጅሽ ከሥራ ይዋል፤ አፍሽ የማትፈጽሚውን ቃል አይስጥ። ስትመለሺም ያችን ጎረቤታችንን አብረን እንጠይቃታለን» በሏት። ስትመለስ ደግሞ ምን እንደ ተሰማት ብቻ አትጠይቋት። የሞግዚቶቹን ስም ታውቅ እንደ ሆነ ጠይቋት። ካወቀች፣ ለልጆቹ ዘመድ መሆን ጀምራለች ማለት ነው።